«የተሰረቀ ነው» የተባለው የ15 ሴኮንድ ዜማ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው፤ ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ሽምብጥ አካባቢም ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ስለ ጣና ዓሣ አስጋሪዎች ለሚቀርብ ሳምንታዊ የቴሌቪዥን ዝግጅት የ15 ሴኮንድ መግቢያ ሙዚቃ ሠራሁ። ቅኝቱ ባቲ ማይነር ነው፤ በዋሽንት ይጀምርና ከበሮና ክራር ይከተላሉ። አዘጋጁ ሥራውን ሲሰጠኝ ‹እንደዚህ ጉልበት ያለው ይሁን› ብሎ የአንድ ጣቢያ የዜና መግቢያ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር፤ አንድ ሁለቴ ሰምቼ ተውኩት። ሁለት ሳምንት እንደተላለፈ ሰው ሁሉ ‹ይሄማ የእነ እንትና ዜና ነው› ይለኝ ጀመር። ዩቲዩብ ላይም የኮፒራይት ክሌም (የባለመብትነት ጥያቄ) መጣ። አዘጋጁ ‹ወይ ቀይር ወይ ብሩን መልስ› አለኝ። እኔ የማንንም አልሰረቅኩም። ጓደኞቼ ከሰባት ኖታ በታች ቢመሳሰል በሕግ አያስጠይቅም ይላሉ። ደግሞስ አምስት ድምፅ ብቻ ባለው ቅኝት እየሠራን መመሳሰሉ የት ይቀራል? ምን ላድርግ?» ጠያቂው የራሱን ሥራ፣ የዜናውን መግቢያና የክሌሙን ስክሪንሾት አያይዞ ልኳል።

ምላሽ፦ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮችን በአንድ ገመድ አስረህ ነው የላክኸው። ሰው «ይመሳሰላል» ማለቱ አንድ ነገር ነው፤ የዩቲዩቡ ክሌም ሌላ ነው፤ ዜማው የሌላ ሰው መሆን አለመሆኑ ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ተራ በተራ ካልተፈቱ አዘጋጁም አንተም በተሳሳተ ነገር ላይ ትጨቃጨቃላችሁ።

ከቀላሉ ልነሳ፤ ከክሌሙ። ስክሪንሾቱን አጉልተህ ተመልከተው። ክሌሙ የሚጀምረው ከ4ኛው ሴኮንድ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ሴኮንዶች ያለው ዋሽንትህ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ ማንም ምንም አላለም። በ4ኛው ሴኮንድ የሚገባው ከበሮው ነው። የመብቱ ባለቤት ተብሎ የተጻፈውም ዜና ጣቢያው ሳይሆን የውጭ አገር ሙዚቃ አከፋፋይ ነው። ስለዚህ ዜና ጣቢያው አልከሰሰህም፤ እስካሁን ስለ አንተ መስማቱንም እጠራጠራለሁ። የተያዘው ከበሮህ ነው። ያ ከበሮ ደግሞ ያንተ አይደለም፤ ከኢንተርኔት የወረደ ሉፕ ነው፤ አንዴ ተቀድቶ እየተደጋገመ የሚጫወት አጭር ድምፅ ማለት ነው። የመታው ሰው እጅ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቦታ ላይ ስለሚሰናከል ሉፕ መሆኑ ይታወቃል፤ ሕያው ሰው እንደዚያ በእኩል ልክ አይሳሳትም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። የሉፕ ሻጮች ፈቃድ ሲሰጡ ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጡም፤ ያንኑ ድምፅ ለከፈለ ሁሉ ይሸጣሉ፣ አንዳንዱንም በነፃ ይለቁታል። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ሉፑን ዘፈኑ ውስጥ ከትቶ ዘፈኑን በአከፋፋይ በኩል ያስመዘግባል። የዩቲዩብ ማሽን የተመዘገበውን ድምፅ እንደ ጣት አሻራ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ ሉፕ የተጠቀመ ሁሉ ላይ ይጮኻል። ማሽኑ ማን ቀድሞ እንደሠራ አያውቅም፣ ድምፁ መግጠሙን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ የዱቄት ነጋዴ የሬዲዮ ማስታወቂያ ስሠራ የኪቦርዱን ስታይል፣ ተዘጋጅቶ አብሮት የሚመጣውን አጃቢ ምት፣ እንዳለ ተጠቀምኩት። ወሩ ሳይሞላ ሌላ ባለሙያ ለጎረቤቱ ዱቄት ነጋዴ በዚያው ስታይል፣ በዚያው ፍጥነት ሠራ። ደንበኛዬ ደውሎ «ያንዱን ማስታወቂያ ለሁለት ሸጥከው ወይ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለታችንም ቁልፉን ከመጫን በቀር የሠራነው ነገር አልነበረም።

አሁን ወደ ሰባት ኖታው። እንዲህ ያለ ሕግ የለም። በእኛ አገር የለም፣ በሌላም አገር ሲሠራበት አላየሁም። አንዳንዱ ሰባት ኖታ ይላል፣ አንዳንዱ አራት ባር፣ ሌላው ስምንት ሴኮንድ፤ ሁሉም ከየቤቱ ያመጣው ነው። በአራት ኖታ ብቻ ክርክር የተነሳበት የታወቀ የቴሌቪዥን ሙዚቃ አለ። «ድራግኔት» የተባለው የአሜሪካ የፖሊስ ድራማ መግቢያ ነው። ዋልተር ሹማን የሠራው ያ መግቢያ አስፈሪ አራት ኖታ ነበረችው። ሚክሎሽ ሮዣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1946 ለወጣ የወንጀል ፊልም በሠራው ሙዚቃ ውስጥ ያችኑ አራት ኖታ ተጠቅሞ ነበር። ነገሩ ወደ ክስ ሄዶ በስምምነት አለቀ፤ የሁለቱም ስም በዜማው ላይ እንዲጻፍ ሆነ። አራት ኖታ ናት! ኖታ በመቁጠር የሚድን ሰው ቢኖር ሹማን ይድን ነበር።

ስለ ቅኝቱ የጻፍከው ግማሹ ልክ ነው፤ የሳትከው ግን ዋናውን ነው። ልክ የሆነው ቅኝት የማንም ንብረት አለመሆኑ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሁላችንም ናቸው፤ በባቲ የሠራ ሁሉ ከባቲ ዘፋኝ ሰረቀ አይባልም። ጭክችካውም፣ ዋሽንት ቀድሞ ከበሮ መከተሉም እንደዚሁ የማንም አይደሉም። የአምስት ድምፅ ክርክርህም መሠረት አለው። በአምስት ድምፅ አራት ኖታ ብትደረድር 625 ዓይነት አደራደር ይወጣል፤ በሰባት ድምፅ ቢሆን 2401 ነው። ዜማ ግን እንደ ሎተሪ ቁጥር አይወጣም። አብዛኛውን ጊዜ ወይ እዚያው ይደግማል፣ ወይ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ወይ አንድ ደረጃ ይወርዳል። በዚህ አካሄድ ከአንድ መነሻ ተነስተህ ሦስት እርምጃ ብትሄድ ያለህ መንገድ 27 ብቻ ነው። በአገራችን ስንት ዜማ እንደተሠራ አስበው፤ መገጣጠም ተአምር አይደለም።

የሳትከው ይህ ነው፦ የዜናው መግቢያ ባቲ አይደለም። ያንተ ባቲ ማይነር ከሬ ይነሳል፣ ስለዚህ ያሉህ ድምፆች ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ እና ዶ ናቸው። የዜናውም መነሻ ሬ ነው፤ ነገር ግን ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ሚ እና ሲ ቤሞል (በግማሽ ዝቅ ያለ ሲ) ይሰማሉ፤ ሁለቱም በባቲ ማይነር ቦታ የላቸውም። ያ የተለመደው የፈረንጅ ማይነር ነው። እንግዲህ ቅኝታችሁ የተለያየ ሆኖ ሳለ ሰው ካምታታችሁ ጥፋቱን በቅኝት ላይ ማላከክ አይቻልም። ሌላ ቦታ ነው መፈለግ ያለብን።

ሁለቱንም በወረቀት አወረድኳቸው። አጀማመራችሁ ፈጽሞ አይገናኝም። ያንተ ዋሽንት ሬ፣ ፋ፣ ሶል ብሎ ወጥቶ ዶ ላይ ይንጠለጠልና ተንፍሶ ወደ ላ ይመለሳል፤ ነፊው ትንፋሽ ሲስብ እንኳን ይሰማል፤ ደስ ይላል፣ እንዳታጠፋው። ዜናው ደግሞ ላን እንደ መዶሻ እየደጋገመ ነው የሚገባው። እስከ 7ኛው ሴኮንድ ድረስ ማንም ሰው ሁለቱን አንድ ናቸው ሊል አይችልም። በ7ኛው ሴኮንድ ላይ ግን ክራርህ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሬ ብሎ ይወርዳል፤ ሦስቱ አጭር፣ የመጨረሻው ረዥም፣ በረዥሙ ላይ ትልቁ ከበሮ ይመታል። በ13ኛው ሴኮንድ ያንኑ ይደግምና ያበቃል። ዜናውም ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሬ ነው፤ ሦስቱ አጭር አራተኛው ረዥም ነው፤ በረዥሙ ላይ ከበሮ ይመታል፤ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በእሱም ያበቃል። ሰዎቹ የሰሙት ይህንን ነው። ጆሯቸው አልተሳሳተም።

ይህች አራት ኖታ ብቻዋን ብትሆን አልፈርድብህም ነበር። ባቲ ማይነርን ከላይ ወደ ታች የወረደ ሁሉ ይህችን መንገድ ይረግጣል፤ የቅኝቱ ደረጃ ናትና። ሦስት አጭር አንድ ረዥም የሚለው አመታትም በር እንደማንኳኳት ያለ ነው፤ ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1808 ለሕዝብ ያሰማው አምስተኛው ሲምፎኒው የሚጀምረው በእሱ ነው። ችግሩ የመደራረቡ ነው። ዜማው፣ አመታቱ፣ ከበሮው የሚያርፍበት ቦታ፣ ድግግሞሹና መጨረሻ ላይ መቀመጡ አምስቱም አንድ ላይ ሲገጥሙ «አጋጣሚ ነው» የሚለው መልስ እየቀጠነ ይሄዳል። በዚያ ላይ የመግቢያ ሙዚቃ መጨረሻ ከሌላው ክፍል ይልቅ ይታወሳል፤ ከእሱ በኋላ ፀጥታ አለ፣ ከዚያ «ጤና ይስጥልን» ይመጣል። ሰው ከወጥ ቤት እየሮጠ የሚደርሰው ለዚያ መጨረሻ ነው።

በጥያቄህ መሐል እንደዋዛ ያለፍካት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «አንድ ሁለቴ ሰምቼ ተውኩት»። እኔ ግን አልተውኳትም። ሰምተኸዋል ማለት ነው፤ ያውም ሥራውን ልትጀምር ስትል፣ ያውም «እንደዚህ ይሁን» ተብለህ። ጆሮ ደግሞ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 የኒውዮርክ ፍርድ ቤት የቢትልሱን ጆርጅ ሃሪሰን በአንድ ዘፈኑ የሌላ ሰው ዜማ ወስደሃል ብሎ ሲፈርድበት ዳኛው ሆን ብሎ ሰረቀ አላሉም፤ ሳይታወቀው ከአእምሮው ጓዳ ወጥቶበታል ነው ያሉት። ሳይታወቀው ቢሆንም ተጠያቂ ሆነ። ስለዚህ «አልሰረቅኩም» ስትል አምንሃለሁ፤ ነገር ግን መልስ አይሆንም። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ ይችላሉ።

አዘጋጁም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። ናሙና መላክ በራሱ ነውር የለውም፤ ዓለም ሁሉ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ማት ግሬኒንግ «ዘ ሲምፕሰንስ» ለተባለው የካርቱን ዝግጅቱ መግቢያ ሲያሠራ ለሙዚቃ ደራሲው ለዳኒ ኤልፍማን የሙዚቃ ናሙናዎች የተቀዱበት ካሴት ሰጥቶት ነበር፤ ከነዚያ አንዱ እ.ኤ.አ. የ1962ቱ «ዘ ጄትሰንስ» የተባለ የካርቱን ፊልም መግቢያ ነው። ሁለቱን አከታትለህ ብትሰማቸው ዝምድናቸው ያስታውቃል። በተለመደው ሜጀር ስኬል ላይ አራተኛዋን ድምፅ በግማሽ ከፍ የሚያደርግ ስኬል አለ፤ ሊዲያን ይሉታል። ያ ከፍታ ነው ሁለቱንም ዜማዎች ልክ ደረጃ ስቶ ወዲያው ሚዛኑን እንደሚይዝ ሰው የሚያስመስላቸው። ኤልፍማን ግን የወሰደው ጠባዩን ነው፤ ዜማውን፣ አካሄዱን፣ አጨራረሱን ራሱ ሠራ። ናሙና እንዲህ ነው የሚሰማው፤ «ይህ ለምን ጉልበት አለው?» ብለህ ትጠይቀውና ትዘጋዋለህ። አንተ ጉልበቱን ፈልገህ መዝጊያውን ይዘህ መጣህ።

የዜና ሙዚቃዎች ለምን እንደሚመሳሰሉ አንዳንዴ ስጠየቅ መልሴ አጭር ነው፤ ሥራቸው አንድ ስለሆነ ነው። ሰውን መጥራት፣ ሰዓት መድረሱን መናገር፣ ከስልክ ትንሽ ስፒከር ውስጥም ቢሆን መሰማት አለባቸው። ስለዚህ ቋሚ ትርታ ይኖራቸዋል፣ ዜማቸው በመካከለኛ ድምፅ ላይ ይቀመጣል፣ ፍጥነታቸው አይጎተትም። ዴቪድ ሎው እ.ኤ.አ. በ1999 ለቢቢሲ ዜና የሠራው መግቢያ ከሬዲዮው የሰዓት ምልክት፣ ከ1924 ጀምሮ ሲሰማ ከኖረው የ«ፒፕ» ድምፅ የተነሳ ነው። ዛሬ ያንን ትርታ የማይኮርጅ ዜና ጣቢያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ትርታ ደግሞ እንደ ቅኝት ነው፣ ማንም አይይዘውም። የገረመኝ ሌላ ነው። የዓሣ አስጋሪዎች ዝግጅት የዜና ጉልበት ምን ያደርግለታል? ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አይቸኩልም። ይህን ግን ለአዘጋጁ ነው የምለው።

አንድ መመሳሰል ሲያጋጥም ሁልጊዜ አንዱ ከሌላው ወሰደ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም ከአንድ አያት ሊወለዱ ይችላሉ። ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ከጊዮርጊስ አደባባይ ዙሪያ ባሉ ካፌዎች ሰው ሁሉ ቀና የሚልበትን የሻምፒዮንስ ሊግ መዝሙር አስብ። ቶኒ ብሪተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያዘጋጀው መነሻው ሃንደል በ1727 ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ መጫኛ የደረሰው መዝሙር ነበር። ሃንደል በ1759 ነው የሞተው፤ ሥራው የሁሉም ሆኗል። ነገ ሌላ ሰው ከዚያው ከሃንደል ተነስቶ ሌላ መዝሙር ቢሠራ ከብሪተን ጋር መመሳሰሉ አይቀርም፤ ግን ከብሪተን አልሰረቀም። እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ የጎጃም የሠርግ ዜማ ተነስተው ሁለት መግቢያ ቢሠሩ አንዱ ሌላውን ሊከስ አይገባም። ያንተን አራት ኖታ እንዲህ ካለ አሮጌ ዜማ ወስጃት ነው የምትል ከሆነ ዜማውን አምጣና አሰማኝ፤ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ። እስካሁን ግን አላልክም።

በዚሁ አጋጣሚ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አሮጌ ዜማ ነፃ ነው ማለት ዛሬ የተጫወተው ሰው ነፃ ነው ማለት አይደለም። ዋሽንቱን የነፋልህ ልጅ ከአያቱ የወረሰውን ቢነፋም አጨዋወቱ የራሱ ነው፤ ሕጉም ለተጫዋች የራሱን መብት ይሰጠዋል። ምን እንደነፋ፣ መቼ፣ ለየትኛው ዝግጅት፣ ስንት እንደተከፈለው በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ሻይ ጠጥቶ «ያንተ ይሁን» ያለ ሰው ዝግጅቱ ስፖንሰር ሲያገኝ ቃሉን ሊያጥፍ ይችላል፤ ሲያጥፍ ደግሞ አይፈረድበትም። ሁለተኛው የማሕሌት ዜማ ነው። ጣና ዳር ስለሆንን፣ በደሴቶቹም ገዳማት ስላሉ ከዝማሜው ትንሽ ቆንጠር አድርጎ መግቢያ ላይ መጣል የሚያምራቸው አሉ። ባለቤቱ ከሺህ ዓመት በፊት ሞቷል ብሎ ለመከራከር ይመች ይሆናል፤ አካባቢው ግን በዓሣ ገበያ ዝግጅት ላይ ዕዝል (ከቤተ ክርስቲያን የዜማ ስልቶች አንዱ) ሲሰማ ዝም አይልም፤ ባይልም ልክ ነው።

ስለ ሕጉ የምለው ጥቂት ነው፤ እኔ የሙዚቃ ሰው እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። በአገራችን ጉዳዩን የሚገዛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው ቁጥር 872/2007 ነው። አዋጁ የሚጠብቀው የተሠራውን ሥራ ነው፤ ሐሳብን፣ ዘዴንና ሥርዓትን አይደለም። ለዚህ ነው ቅኝትና ትርታ የማይያዙት። ጥበቃው ሥራው ከተፈጠረ ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው፤ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። አራት ኖታ ከነአመታቷ ብትወሰድ ጥሰት ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ እኔ ልነግርህ የምችለው ሰሚ እንደሚያምታታው ብቻ ነው። ስለዚህ በምላሼ ላይ ተመሥርተህ «ባለሙያ ነፃ አውጥቶኛል» ወይም «ባለሙያ ፈርዶብኛል» ብለህ ወረቀት እንዳትጽፍ።

ራስህ የምትፈትንበት መንገድ ግን አለ፤ እኔ ተማሪዎቼን የባጃጅ ፈተና እላቸዋለሁ። ሥራህን ስልክህ ላይ ይዘህ ባጃጅ ትሳፈራለህ፤ ሹፌሩን አንዴ ብቻ ታሰማውና ሌላ ወሬ ታወራለህ። ስትወርድ «እስኪ ያንን ዜማ አፏጭልኝ» ትለዋለህ። የሚያፏጨው ነገር ዜማህ ማለት እሱ ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው። ያፏጨው ያችኑ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሬ ከሆነ ሌላውን ምንም ያህል ብታሳምረው የሰው ዜማ ይዘህ ነው የምትዞረው። ለአመታቱም ሌላ ፈተና አለ፤ ጠረጴዛ ላይ በጣት ብቻ ምታውና ሰው ለይቶ ያውቀው እንደሆነ ጠይቅ። የላሎ ሺፍሪን እ.ኤ.አ. የ1966ቱ የ«ሚሽን ኢምፖሲብል» መግቢያ በአምስት ምት ነው የሚሄደው፤ ሁለት ረዥም፣ ሁለት አጭር፤ ያለ አንዳች ዜማ ጠረጴዛ ብትደበድብ እንኳን ይታወቃል። አመታት ብቻውን መታወቂያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም። ያንተን ባልደረባዬ ፊት በጣቴ ሞከርኩት፤ ሳያመነታ «ዜና» አለ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሙዚቃውን አትጣለው፣ ብሩንም አትመልስ። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ሴኮንዶች ዜማ ያንተ ነው፣ ጥሩም ነው። 7ኛውና 13ኛው ሴኮንድ ላይ ያለችውን መውረጃ ግን ሁለቱንም አውጣ። ኖታ በመቀያየር አታስተካክላት፤ ላን በዶ ቀይሮ አመታቱን መተው ሰውን አያሳምንም፣ ሆን ብለህ እንደሸፋፈንክ ብቻ ያስመስላል። አመታቱን ነው መጀመሪያ የምታፈርሰው። እኔ ብሆን ዜማውን አላወርደውም፤ ዋሽንቱ የከፈተውን ጥያቄ እመልስና ሶል፣ ላ ብዬ ዶ ላይ አንጠልጥዬ እተወዋለሁ። ሬ ላይ ሳይገባ ሲቀር ጆሮ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውንም የአቅራቢዋ ድምፅ ይሞላዋል። በትልቅ ከበሮ ደብድቦ መዝጋት የዜና ልማድ ነው፣ ለዜና ተወው።

ሉፑን አውጣና ከበሮ መቺ ቅጠር። ባሕር ዳር ከበሮ መቺ ጠፋ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል በር ላይ ቆመህ ብትጠይቅ እንኳን የሚያውቅ ይነግርሃል። ክሌሙን በተመለከተ የሉፑ ፈቃድ በእጅህ ካለ ከነደረሰኙ አያይዘህ ተቃውሞ አስገባ፤ ባለክሌሙ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ፈቃዱ ከሌለህ አትቃወም፤ ያለማስረጃ ተቃውመህ ባለመብቱ እንዲወርድ ቢያደርገው ክሌም የነበረው ስትራይክ (በቻናሉ ላይ የሚመዘገብ የጥፋት ማስጠንቀቂያ) ይሆናል፣ ጦሱም ለቻናሉ ይተርፋል። የተላለፉትን ሁለት ክፍሎች በአዲሱ ድምፅ ቀይራችሁ እንደገና ጫኗቸው። የድሮውን ፕሮጀክት ፋይል ግን ከነቀኑ አስቀምጠው፣ አታጥፋው፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳ ምን ሠርተህ ምን እንደቀየርክ የሚያሳየው እሱ ነው። አዘጋጁ የላከልህን የቴሌግራም መልእክትም እንዲሁ። ማሻሻያውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሥራለት፣ ነገር ግን ናሙናውን የላከው እሱ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስታውሰው፤ ከዚህ በኋላ ናሙና ሲልክ ሦስት አራት የተለያየ ይላክ እንጂ አንድ ብቻ አይላክ። አንድ ናሙና የያዘ ሠሪ ወደዚያው ይጎተታል።

የመጨረሻዋ ነገር ግዴታ አይደለችም፣ ምርጫዬ ናት። የመጀመሪያው ሴኮንድ ላይ፣ ከዋሽንቱ በፊት፣ የደንገል ታንኳ መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ አግባ። ያንን ማንም የዜና ጣቢያ የለውም። ስትቀዳ ግን በማለዳ ሂድ፤ የዘጌና የደሴቶቹ ጀልባዎች ሞተር ሳያስነሱ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ነፋሱ ይነሳና ማይክህ ውስጥ ከማዕበል በቀር የሚገባ ነገር አይኖርም።